ያ ልጅ ገባ ወይስ ተመለሰ?

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰዎቹ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው እግራቸውን ወደ መሀል ዘርግተዋል፤ ቦታ ስለሌለ የአንዱ ቁርጭምጭሚት በሌላው ላይ ተደራርቧል። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ላብ፣ በረኪና፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው የሽንት ባልዲ። ሐዋሳ ዝናብ ሲቀርባት እንዴት እንደምትሞቅ የኖረባት ያውቃል። ያንን ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ክተቱና በር ዝጉበት፤ እንዲያ ነው።

«ግባ እንጂ! አልጋ እስኪነጠፍልህ ነው?» አለኝ ከኋላዬ የቆመው ፖሊስ።

ገባሁ። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ የማንንም እግር ላለመርገጥ እየተጠነቀቅኩ፣ የሁሉንም ረገጥኩ። ይቅርታ ስል አንዱ ሳቀ። «እዚህ ይቅርታ የለም፤ ተራ ነው ያለው። ነገ ደግሞ አንተ ትረገጣለህ» አለኝ። ይህ ሰው የክፍሉ አለቃ ነበር፤ ካቦ እንለዋለን። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳ የነበረ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የወፈረ ሰው ነው። እሱ ሳይፈቅድ ሰው አይተኛም። አያስነጥስምም ልበል እንዴ!

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ በአጭሩ ልናገር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የምንወደው አንድ መምህራችን ክፍል ውስጥ በተናገረው ነገር ተወሰደ። በማግስቱ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ደረጃው ላይ አንዲት ልጅ መጥታ ዝም ብላ ተቀመጠች። ሌላ ተማሪ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔና የዶርም ጓደኛዬ ከቁርስ ስንመለስ አየናቸውና እኛም ተቀመጥን። ቀትር ላይ ደረጃው ሞላ። መፈክር የለ፣ ንግግር የለ። ማንም አልጠራንም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው። ከሰዓት በኋላ መኪና መጣና ከፊት የተቀመጥነውን ጭኖ ወሰደን። እኔን አንድ ክፍል፣ የዶርም ጓደኛዬን ሌላ ክፍል፣ ልጅቷን ደግሞ ግቢው ማዶ አስገቧት።

በዚያ ክፍል ልማድ አዲስ የገባ ሰው ሥራ ይሰጠዋል። አንዱ ይጠርጋል፣ አንዱ ውሃ ያከፋፍላል፣ አንዱ የመኝታ ተራ ያስከብራል። ካቦው ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝ።

«ምን ትችላለህ?»

«መጽሐፍ አነባለሁ» አልኩ። ምን ዓይነት የጅል መልስ ነው! ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ ግን አልሳቀም።

«የወንጀል መጽሐፍ ታውቃለህ? መርማሪ ያለበት፣ ሽጉጥ ያለበት?»

«በደንብ።»

«በቃ፣ ተራኪያችን ትሆናለህ። የበፊቱ ከተፈታ ወዲህ ከቆጠራ በኋላ ማንኮራፋት ብቻ ሆኗል ሥራችን።»

ሕጉንም ነገረኝ። ማታ በር ላይ ተቆጥረን ሲዘጋብን ትረካው ይጀመራል። ሲያበቃ እያንዳንዱ አድማጭ አንድ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ተራኪው የሚመልሰው መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ መጽሐፉ ዝም ካለ «አላለም» ይላል። ከራሱ የጨመረ ተራኪ ባልዲ ይደፋል። «ፈጠራውን ምርመራ ክፍል ጠግበነዋል» አለ ካቦው።

የመረጥኩት መጽሐፍ ሽፋን እንኳን አልነበረውም። አባቴ በሞተበት ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከዴስክ ሥር ደብቄ ነው ያነበብኩት። ስንቴ እንደደጋገምኩት እኔና ዴስኩ ነን የምናውቀው። ታሪኩ ቀላል ነው። አባት የሌላቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አንድ ወርቅ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፤ ፖሊስ ታላቅየውን ይጠረጥራል። የገደለው ግን የነጋዴው ሸሪክ ነው። አንባቢው ይህን ያውቃል፤ ታናሽየው አያውቅም፣ ወንድሜ ነው ያደረገው ብሎ ያምናል። እናም በመጨረሻው ገጽ ላይ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላል። መርማሪው ሲጋራውን ያጠፋና «ዛሬ ወንድ ሆንክ» ይለዋል። መጽሐፉ በዚህች ቃል ይዘጋል።

ትስቁብኝ ይሆናል፤ ግን እኔን ያሳደገኝ ያ መጽሐፍ ነው። በአባቴ ለቅሶ ላይ አጎቶቼ «የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው የሚፈሰው» አሉኝ፤ እኔም ወደ ሆዴ አፈሰስኩት። ከዚያ ወዲያ ወንድ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ መጽሐፉን ጠየቅኩት። የእሱ መልስ ደግሞ አጭር ነው። ወንድ አያለቅስም። ወንድ የሌላውን ይሸከማል። ወንድ «እኔ ነኝ» ይላል። በአሥራ አራት ዓመቴ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «እኔ ነኝ» ማለት ተለማምጃለሁ። አይ የኔ ነገር!

ከአድማጮቼ መሀል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ እንላቸዋለን። ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ በሚያመልኩበት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ሰፈራቸው በተደረገ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ስለ መሬት አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ መልሱን እኛ ክፍል መጥተው እየጠበቁ ነው። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን ካልመረጡ አይናገሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነበቡት መጽሐፍ ቅዱስና ስለ ቡና በሽታ የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። ልብ ወለድ የሚባለውን ነገር እኔ ጋ ነው የሰሙት።

የመጀመሪያው ቀን ትረካ እንዳበቃ ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«ልጄ፣ የእነዚህ ልጆች እናት በሕይወት አለች?»

«አለች አባባ።»

«ጎሽ» አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ለመኝታ ጸሎት ቆሙ። ለታመመው ጸለዩ፣ ለምርመራ ለተጠራው ጸለዩ፣ ጠያቂ ላጣው ጸለዩ። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ ያንን ታናሽየውን ልጅ አስበው። አባት የለውም፤ ክፉ ጓደኛ ከቦታል» አሉ።

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ካቦው ሆዱን ይዞ «አባባ፣ እሱ እኮ ልጅ አይደለም! ወረቀት ነው!» አላቸው።

አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞሩ። «ታሪኩ ላይ ይራባል?»

«ይራባል።»

«ይፈራል?»

«አዎ አባባ፣ ይፈራል።»

«እንግዲያው ጸሎት ያስፈልገዋል» አሉና ቦታቸው ላይ ጋደም አሉ።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ማታ ማታ እኔ እተርካለሁ፣ ካቦው ሽጉጥ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል፣ አባባ ይጸልያሉ። ሦስት አራት ቀን ሲቆይ የሚስቅ ጠፋ፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሜን ይል ጀመር። ባለቤታቸው ቆጮና ጎመን ይዘው ሲመጡ በአጥሩ ሽቦ መሀል በሲዳምኛ ረጅም ወሬ ያወራሉ። ካቦው «ስለ ወርቅ ነጋዴው እየነገሯቸው ነው» ብሎ ይቀልዳል። እኔም እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ያው በሩ በሩ ነው፤ ግድግዳው ግድግዳ ነው። ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ከሐይቁ መጥተው ያርፋሉ። ሲራመዱ ኮቴያቸው የሰው ይመስላል፤ የሚጠራኝ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ስንቴ ደንግጫለሁ።

መርማሪዬ ወጣት ነው፤ ቢበልጠኝ በጥቂት ዓመት ነው። ሽቶ ይቀባል። አይጮህም። በየቀኑ አንድ ጥያቄ ነው ያለው።

«ማን ጠራችሁ?»

«ማንም።»

«ያን ያህል ሰው ሳይጠራ ይመጣል?»

«መጣ።»

«ማን ጠራችሁ?»

እንዲህ ስንባባል ሰነበትን። እውነት እየተናገሩ አለመታመን እንዴት እንደሚያፍን የቀመሰ ያውቀዋል። ሌላ የምሰጠው ነገር የለኝም፤ ያለኝን ደግሞ አይቀበልም። በኋላ በኋላ «ምናልባት የጠራን ሰው ይኖር ይሆን እንዴ?» ብዬ ራሴን መጠራጠር ሁሉ ጀምሬ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ወንበር አቀረበልኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። «ስማ ወንድሜ» አለኝ። «ያቺ ልጅ ታማለች፣ ታውቃለህ? ምግብ አይወርድላትም። የዶርም ጓደኛህ ደግሞ ማታ ማታ ያለቅሳል። አንተ ግን ጠንካራ ነህ፣ አይቼሃለሁ። ከመሀላችሁ አንድ ወንድ ወጥቶ እኔ ነኝ የጠራኋቸው ቢል ሌሎቹ ነገ ቤታቸው ይገባሉ። ያ ሰውም ቢሆን የሚቆየው አጭር ጊዜ ነው።» ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ወንድ ነህ አይደለህም?»

እስከ ጠዋት አስብበት ብሎ መለሰኝ።

ወደ ክፍሌ ስሄድ ፈርቼ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር! ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ የተለማመድኩት ቃል በመጨረሻ ጠያቂ አገኘ። ጓደኞቼ እኔ ስገባ ሲወጡ ታዩኝ። ልጅቷ ግቢው በር ላይ ዞር ብላ ስታየኝ ሁሉ ታየኝ። መጽሐፉ ውስጥ የገባሁ ነበር የመሰለኝ።

ማታ ከቆጠራ በፊት ባልዲ ልንደፋ ስንወጣ ተራው የእኔና የአባባ ነበር። ቧንቧው ጋ ስንደርስ አልቻልኩም፣ ነገርኳቸው።

«ነገ እጨርሰዋለሁ አባባ። እኔ ነኝ ብዬ ልፈርም ነው።»

እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ቀና አላሉም። «አንተ ጠራሃቸው?»

«አልጠራሁም።»

«ማን ጠራ?»

«ማንም አልጠራም አልኩዎት እኮ።»

«እና ለምን እኔ ነኝ ትላለህ?»

«ሌሎቹ እንዲወጡ ነዋ!»

ቧንቧውን ዘጉት። «ልጄ፣ ጠሪ ከሌለ ደረጃ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው ያሉት። ጠሪ ካለ ግን የተጠራ አለ። የተጠራ ካለ ማኅበር አለ። አንተ ራስ ነኝ ስትላቸው እጅና እግር ይፈልጉልሃል። በአነጋገር ይፈረዳል፣ በአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለም?»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ነገሩ ስለገባኝ ነው፤ ግን እንዲገባኝ አልፈለግኩም። «እርስዎ አይገባዎትም አባባ። ይሄ የወንድ ጉዳይ ነው» አልኳቸው። በሉ እንግዲህ፣ ወንዶች ልጆች አሳድገው፣ ድረው፣ አንዱን ቀብረው እዚያ ለደረሱ ሰው! ባልዲውን አነሡና «ና፣ ሊዘጋ ነው» አሉኝ።

የዚያን ማታ ትረካ እስከ መጨረሻው ጫፍ አደረስኩት። ታናሽየው እናቱን ተኝታ ትቶ ይወጣል፣ በባዶው መንገድ ይሄዳል፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ አቆምኩ። «የቀረው ለነገ» አልኩ።

«አትቀልድ!» አለ ካቦው። «ሽጉጥ ይዟል?»

«አልያዘም።»

«ወይ መጽሐፍ! ምን ይዞ ነው ታዲያ የሚገባው?»

ሌሎቹም የየራሳቸውን ጠየቁ። በመጨረሻ አባባ እጃቸውን አወጡ። ሁልጊዜ እንደ ተማሪ እጃቸውን ያወጣሉ። «ያ ልጅ ገብቶ እኔ ነኝ ካለ፣ የገደለው ሰውዬ በማግስቱ ምን ይሠራል?»

«መጽሐፉ አላለም።»

«እናትየውስ? ስትነቃ ምን አለች?»

«አንድ ጥያቄ ነው አባባ» አለ ካቦው።

«ይቅርታ» አሉ።

እኔ ግን መለስኩላቸው። «እሱንም አላለም» አልኩ። ስል ነው ልብ ያልኩት። ያን ያህል ጊዜ ሳነበው እናትየው የመጨረሻው ገጽ ላይ እንደሌለች አላየሁም ነበር። ልጁ ወንድ ሲሆን ተኝታ ነው የቀረችው። ገዳዩም ሱቁን ከፍቶ ወርቁን እየሸጠ ነው። ታላቅ ወንድሙም ቢሆን ምንም አላደረገም፤ ከምን እንዳዳነው እንኳን እግዜር ይወቅ። የእኔ እናት ፊት መጣብኝ። ስልኳ ሲጠራ በሁለት እጇ የምትይዘው ነገር።

አባባ ለጸሎት ቆሙ። ለሁሉም ጸለዩ፤ ለፖሊሶቹም ሳይቀር። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ጌታ ሆይ፣ ያ ልጅ አሁን በር ላይ ቆሟል። ጠዋት ሊገባ ነው። ያላደረገውን አደረግኩ እንዳይል አፉን ያዝለት። ማልቀስ ከፈለገ ያልቅስ። ምንም አይደለም። አንተም በወዳጅህ መቃብር ፊት አልቅሰሃል። ማጋኖ፣ እባክህ፣ ወደ እናቱ መልሰው።»

ማጋኖ በሲዳምኛ እግዚአብሔር ማለት ነው፤ ጭንቅ ሲሆንባቸው በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚጠሩት። አሜን አልን። ስለ ማን እየጸለዩ እንደሆነ ገብቶኛል። ካቦውም የገባው መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፣ ያን ማታ የመኝታ ተራ እንኳን አልቆጠረም።

ቢሆንም ጠዋት ስጠራ ልፈርም ነበር የሄድኩት። ይህንን አልደብቅም። ሰው የሚያድነውን ነገር ሰምቶም በለመደው መንገድ ይሄዳል።

ወረቀቱ ተጽፎ ተዘጋጅቷል። መርማሪው አዙሮ አቀረበልኝ። «ተማሪዎቹን የጠራሁትና ያስተባበርኩት እኔ ነኝ» ይላል። ከሥሩ «ከእኔ ጋር የተባበሩት» የሚል አለ፤ ከዚያ ነጠብጣብ ብቻ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ፣ ባዶ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እሱ አንተን አይመለከትህም። በኋላ እኛ እንሞላዋለን።»

እጅና እግር። ልጅቷ ታየችኝ። የዶርም ጓደኛዬ ታየኝ፣ አፉ ውስጥ የቁርስ ዳቦ እንደያዘ አጠገቤ ሲቀመጥ። መርማሪው እስክሪብቶውን ከፍቶ አቀበለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ» አለኝ። «ዛሬ ወንድ ሆንክ።»

ያችኑ ቃል! ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ወደ ጉሮሮዬ ሲደርስ ግን ሳቅ አልሆነም። የአባቴ ቀብር ዕለት ወደ ሆዴ ያፈሰስኩት ሁሉ ተገልብጦ መጣ። በአፌም በአፍንጫዬም አለቀስኩ። መጽሐፉ እዚህች ቃል ላይ አብቅቷል። እኔ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ፤ ጠረጴዛው አለ፣ ባዶው ቦታ አለ፣ ጠዋቱም ገና ጠዋት ነው።

«ምን ሆንክ? ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?» አለ። እውነት ግራ ገብቶታል።

«ያለቅሳል» አልኩት። «ማንም አልጠራንም። አልፈርምም።»

እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሜ ወረቀቱ ላይ አኖርኩት። ክዳኑን ለምን እንደገጠምኩ አላውቅም። እናቴ ቀለሙ እንዳይደርቅ እያለች ያስለመደችኝ ነገር ነው። ቶሎ አልገባልኝም፤ እስኪገባ ድረስ ግን አልተውኩትም። እሱም ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዘለዋለሁ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም ሰማዩ ሲጠቁር ይጮህብኛል፤ ይኸው ይበቃል።

ክፍሌ ስመለስ ዓይኔ አብጧል። እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ሰጡኝ። በዚያ ክፍል ያለቀሰ ሰው መሳቂያ ነው። ካቦው አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ይሄ ከዱላ ነው ከልቅሶ?»

«ከሁለቱም» አልኩ። «አለቀስኩ። አልፈረምኩም።»

የሚስቅ ካለ ብዬ ጠበቅኩ። ካቦው ተነሣ። በሩ ሥር ነፋስ የምትገባበት ቀዳዳ አለች፤ ከሐይቁ በኩል ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚመጣባት። ከገባሁ ጀምሮ ከእሱ በቀር እዚያ የተኛ ሰው አላየሁም። ፎጣውን አነሣና «እዚህ ጋደም በል» አለኝ። አባባ ውሃ በኩባያ ሰጡኝ።

ማታ ከቆጠራ በኋላ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ልጁ በር ላይ ነው ያለው፤ ማን ይተኛል? መጽሐፉ እንዳለው ነገርኳቸው። ገባ። «እኔ ነኝ» አለ። መርማሪው ሲጋራውን አጠፋ። «ዛሬ ወንድ ሆንክ» አለው። አለቀ።

ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። አባባ «ውሸት ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ክፉ ቃል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ካቦው ጢሙን አሻሸና «ስማ ተራኪ» አለኝ። «ከራስህ አትጨምር ያልኩት ሕግ ለዛሬ ተነሥቷል። ጨምር።»

«ባልዲውስ?»

«ባልዲውን እኔ እደፋዋለሁ፣ ምን አገባህ! ጨምር ነው የምልህ።»

ጨመርኩ። ልጁ በር ላይ ቆመ። አለቀሰ። ከዚያ ዞረና በመጣበት መንገድ ተመለሰ። እናቱ ነቅታ ደጅ ቆማ ነበር፤ የት ነበርክ አለችው፤ ሁሉንም ነገራት። በማግስቱ ከወንድሙ ጋር ተቀምጠው የሚያውቁትን እውነት ብቻ ተነጋገሩ፤ ታናሽየውም ወንድሙ እንዳልገደለ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

«ጥይት የለውም?» አለ ካቦው።

«የለውም።»

«ይሁን» አለ። «ግድ የለም።»

ብዙ ሳምንት ቆይተን፣ አንድ ቀን ምክንያቱ ሳይነገረን ለቀቁን። የዶርም ጓደኛዬን ያገኘሁት ውጪ በር ላይ ነው። ልጅቷም ነበረች፤ አንድም ቀን አልታመመችም። ለጓደኛዬ ደግሞ ማታ ማታ የማለቅሰው እኔ እንደሆንኩ ነግረውት ኖሯል። እሱንም «ወንድ ነህ አይደለህም?» ብለውታል። «እናቴን ጠይቋት፣ እሷ ናት ያጠበችኝ» ብሎ መለሰላቸው። ወይ ጓደኛዬ! እሱ መጽሐፍ አያነብም።

ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ አስተምራለሁ። የወንጀል መጽሐፍ ማንበብም አልተውኩም፤ ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ እናትየውን እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የለችም። ከተማሪዎቼ መሀል ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚሄዱ ልጆች አሉ። የትኛውን ገጽ እያነበቡ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኛ ስንወጣ አባባ እዚያው ቀርተው ነበር። መፈታታቸውን በወሬ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ቤታቸውን ግን አላውቀውም። ባለፈው እሑድ ሐይቅ ዳር ከአምልኮ የሚመለስ ሰው ሲጎርፍ አየኋቸው። ምርኩዝ ይዘዋል፣ ነጭ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘዋል። ሮጬ ሳምኳቸው። ትከሻዬን ይዘው ትንሽ አዩኝና በሲዳምኛ ለባለቤታቸው አንድ ነገር ነገሩ።

እማማ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አንተ ነህ?»

«ማን እማማ?»

«ያ ልጅ! ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የቆመው! ያን ጊዜ ምግብ ሳደርስ በአጥሩ በኩል ጸልዩለት ብሎኝ እኮ ነው። የጸሎት ኅብረታችን ሴቶች ሁሉ ጾመን ጸለይንልህ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ብጠይቀው አይነግረኝም። የታሪኩ ባለቤት ራሱ ይንገርሽ ይለኛል።» እጄን አልለቀቁም። «ስንት ጊዜዬ ነው ስጠብቅ። ገባህ ወይስ ተመለስክ?»

አባባን አየኋቸው። እሳቸው ወደ ሐይቁ ይመለከታሉ፣ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሏል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እንባዬ ወረደ፤ አልጠረግኩትም።

«ተመለስኩ እማማ» አልኳቸው።